ያልፈረሙ ሰዎች ፊርማ

ጥቅምት 4 ቀን 1971፣ ቶኔ፣ ጄኔቭ

ዲግሪዬ በፖስታ መጣ። ተጠቅልሎ ስለከረመ አልዘረጋ ብሎኝ በአራቱም ማዕዘን መጽሐፍ ጫንኩበት። አከራዬ ወይዘሮ የወይንሐረግ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «እንግዲህ በዚህ ምን ትሆኛለሽ?» አሉኝ።

«የታሪክ ምሁር።»

«እሱስ ገባኝ። ሥራው ምንድን ነው?»

ሥራውማ ይኸው። ዙሪክ ያሉት ፕሮፌሰር የመመረቂያ ጽሑፌን አንብበው ጽፈውልኛል። ከጥር 24 ጀምሮ ረዳታቸው ሆኜ ከግብፅ የመጡ የፓፒረስ ቁርጥራጮችን እንዳነብ ይፈልጋሉ። ደብዳቤውን ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ሰባተኛውን ትራም ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስላነበብኩት አንዲት አሮጊት ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች።

አንድ ቀን ዝነኛ ሆና ይህን ደብተር ለምታነበው ሕብስት፣ ለራሴው፣ ላስታውሳት። ዳኬዎስ የሚባለው የሮም ንጉሥ ክርስቲያኖችን ያሳደደው በሰይፍ ብቻ አልነበረም፤ በወረቀትም ነው። ሰው ሁሉ በየተራው ሹሞች ፊት ይቀርባል፣ ለጣዖት ዕጣን ያጤሳል፣ ከመሥዋዕቱ ይቀምሳል፤ ከዚያ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ «ሁልጊዜም ሠውቻለሁ፤ አሁንም በፊታችሁ ሠዋሁ፤ ታረጋግጡልኝ ዘንድ እለምናለሁ» ይላል። ወረቀት ያለው ይኖራል። የሌለው ይታሰራል፣ ይገረፋል፣ ይገደላል። ክርስቲያኖቹም ሦስት ዓይነት ሆኑ፤ እምቢ ያሉ፣ የሠዉ፣ ሳይሠዉ ወረቀቱን በጓሮ በር ያገኙ።

እኔ ለሦስተኞቹ ምሕረት የለኝም። የሠዋው ፈርቶ ነው። ሳይሠዋ ወረቀት የያዘው ግን ፈርቶም ንጹሕ ነኝ ይላል። ፕሮፌሰሩ ኅዳጉ ላይ «ትንሽ ጨከንሽ» ብለው ጽፈዋል። ስዊስ ናቸው፤ ማንም አስፈርሟቸው አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ፓስፖርቴ ታኅሣሥ 22 ያበቃል። የዙሪክ የውጭ አገር ሰዎች ፖሊስ ደግሞ የጸና ፓስፖርት ካላየ የሥራ ፈቃድ አይሰጥም። ጥገኝነት ልጠይቅ ብል ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ቦታው ዓመት ተኩል አይጠብቀኝም።

ጥቅምት 6

እዚሁ ጄኔቭ ያለው፣ ፓስፖርት የሚያድሰው የደርግ ቢሮ ደወልኩ። ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። ፎርም አለ። «አብዮቱን እደግፋለሁ፣ ፀረ አብዮተኞችን አወግዛለሁ» ብሎ መፈረም። ከዚያ ብድግ ብሎ ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ፣ መፈክር ማሰማት። ከዚያ መዝገብ ላይ ስም ማስፈር። ስልኩን ያነሣው ጓድ ቢረሳው የሚባል ነው። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅብሽም እኮ፣ እህት» አለኝ።

የዳኬዎስ ሹሞችም እንዲሁ ሳይሉ አልቀሩም። አንዲት ቁንጥር ዕጣን ናት እኮ!

ሳቄ መጣ። ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ አዲስ ሐሳብ አላገኙም።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ማኅበር ነበር፤ ተረኛው አስፋ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን ዐሥራ ሁለት ሰው መሙላት ሲገባው ጄኔቭ ውስጥ ያለነው ስድስት ነን። የሰዓት ፋብሪካ የሚሠሩት አስፋና ወንድሙ፣ ወይዘሮ የወይንሐረግ፣ እኔ፣ ከተማና ሚስቱ ሸዋረጋ። ሰባተኛው አቶ ኃይለመለኮት ናቸው፤ አዲስ አበባ ዓመት ከስምንት ወር ታስረው የወጡ ሽማግሌ፣ አሁን ዙሪክ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ።

ስለ ከተማ ልጻፍ። (እዚህ ደብተር ውስጥ «አቶ» አልለውም። በአፌ የማከብረው ይበቃዋል።) በጃንሆይ ጊዜ የጉምሩክ ሹም ነበር። ዛሬ ሰርቬት ሰፈር የአንድ ሕንፃ ኮንሲየርዥ ነው፤ ደረጃ ያጥባል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ጠርሙስና ወረቀት አንድ ላይ የጣለ ፈረንጅ ሲያገኝ ይቆጣል። ሹመቱ የቀረችው እዚያ ላይ ነች። ቄስ ስለሌለን ጸሎቱን የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴም እሱ። ድምፁ ያምራል፤ አልክድም።

ጽዋው በሻንጣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥቁር ሸክላ ነው። ውስጡ ከሱቅ የተገዛ የወይን ጭማቂ። ጸሎት ይደረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ተረኛ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ዕለቱ እሑድ ካልዋለ ተከታዩን እሑድ እንጠብቃለን፤ የስዊስ አሠሪ ሚካኤልን አያውቅም።

ወጥ ቤት ሸዋረጋ ለወይዘሮ የወይንሐረግ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። «በዚህም ወር ስንቁን ተቀብለዋል አሉ።»

«ተመስገን በይ!»

«በቀስታ፣ እቴ።»

የምን ስንቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። የነዚህ ሰዎች ወሬ ሁሉ ስለ ምግብ ነው።

ጥቅምት 19

አስፋ ትራም ፌርማታ ላይ አገኘኝ።

«ሰምተሻል? ሙሴያችን ፈረመ።»

«የቱን?»

«የቢሮውን ነዋ! አንድ ወዳጄ በዓይኑ አይቶታል፣ እጁን ሽቅብ ጨብጦ። በሌላው አገር ሙሴ ተራራ ሲወጣ ሕዝቡ ለጥጃ ይሰግዳል፤ የኛ ሙሴ ራሱ ሰገደ።»

ሳቅሁ። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ተቃጠልኩ። በዚያ አፉ ነው የሚባርከን! ከተማ ፓስፖርት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከሰርቬት ወጥቶ የትም አይሄድ። ለምን ፈረመ? ለሹመት። ነገ አገር ሲረጋጋ ወንበሩ እንዲመለስለት። እንዲህ ያሉትን በሺህ ሰባት መቶ ዓመት ርቀት አውቃቸዋለሁ።

ጥቅምት 24

ቢሮውን በዓይኔ ላየው ሄድኩ። ለጥናት ያህል።

ግድግዳው ላይ የአዲሱ መሪ ፎቶግራፍ ከድሮው አንሷል። የድሮው ቦታ በአራቱም ጎን ነጣ ብሎ ይታያል። ጓድ ቢረሳው የእጅ ሥራ ሹራብ ለብሶ ብስኩት እየበላ ነው። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ይህ ነው እንግዲህ ሹሙ!

«የታሪክ ምሩቅ! አብዮቱ እኮ ምሁራን ይፈልጋል፣ ጓድ ሕብስት።»

«ጓድ አትበለኝ።»

«ሕብስት ብቻ። እሺ። ብስኩት?»

«ጾም ነው።» (ጾም አልነበረም።)

ፎርሙን ገፋ አደረገልኝ። አስብበታለሁ አልኩት። «አስቢ» አለ አፉን እየጠረገ። «ታኅሣሥ 22 ግን አያስብም።»

ፎርሙን የተቀበልኩት ለማስረጃ ነው። እዚህ ደብተር መካከል አስገብቼዋለሁ።

ኅዳር 1

ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሣሁ። አራት ቅጂ። ለዙሪክ መታወቂያ ያስፈልጋል። ፊቴ የወንጀለኛ ይመስላል፤ ማሽኑ ነው።

ኅዳር 9

ፕሮፌሰሩ ደወሉ። «ወረቀትሽ እንዴት ሆነ?»

«በመሄድ ላይ ነው» አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅ።

ኅዳር 17፣ እሑድ

ማኅበር እኛ ጋ፣ ቶኔ። የወይዘሮ የወይንሐረግ ተራ። ጾም ስለሆነ ሽሮ።

ተነሥቼ ተናገርኩ! ሦስት ሌሊት አዘጋጅቼዋለሁ። ጥንት ለጣዖት የሠዉ ሰዎች ስደቱ ሲበርድ ምንም እንዳልተደረገ ወደ ቁርባን ሊመለሱ እንደቃጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ከበር ውጭ እንዳቆመቻቸው፣ አንዳንዱ ዓመታት ደጃፍ ላይ እያለቀሰ እንደኖረ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ዛሬስ? ለደርግ የፈረመ ሰው ከዚህ ጽዋ እንዴት ይጠጣል?» አልኩ።

የአስፋ ወንድም ሽሮውን ጎረሰ።

አዘጋጅቼ የመጣሁትን ወረቀት አወጣሁ። እያንዳንዱ ማኅበርተኛ ይፈርምበታል፤ «ከዚህ ቀደም አልፈረምኩም፤ አሁንም በፊታችሁ አልፈረምኩም እላለሁ፤ ማኅበርተኞች ያረጋግጡልኝ ዘንድ እለምናለሁ።» ጥሩ ዐረፍተ ነገር ነው። በአንድ ቁጭታ ወጣልኝ።

ከተማ ወረቀቱን ተቀብሎ እጁን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ አነበበው። መልሶ ሰጠኝ።

«አንዱን ወረቀት ፈርሜአለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛ አልፈርምም።»

እንዲህ በግልጥ! ኀፍረት እንኳ የለውም።

«እንግዲያው ሕግ ይውጣ» አለ አስፋ። «ያልፈረመ አይጠጣም።»

«የቱን ያልፈረመ?» አሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ። «ግራ አጋባችሁኝ እኮ።»

ተወሰነ። የሚቀጥለው ማኅበር ላይ ወረቀቱ ይፈረማል፤ ወረቀቱን ያልፈረመ ጽዋውን አይነካም። ተራው የከተማ ስለሆነ ጽዋውን ለመጨረሻ ጊዜ ይዞ ሄደ። ሸዋረጋ ስትወጣ አልተሰናበተችኝም።

አሸንፌአለሁ። እንዲህ ደስ የሚል ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አላየሁም።

ኅዳር 21፣ ባቡር ውስጥ፣ ከዙሪክ ስመለስ

ባቡሩ ይነቀንቀኛል፤ ጽሕፈቴ ለዚያ ነው።

ፕሮፌሰሩ ክፍሉን አሳዩኝ። ጠረጴዛዬ በመስኮቱ በኩል ነው! ቁርጥራጮቹ በሁለት መስታወት መካከል ተጣብቀዋል። አንዱን ሰጡኝ። አውሬልያ የምትባል ሴት ናት፤ መጻፍ ስለማትችል ሌላ ሰው ጽፎላታል። በታች የሹሙ እጅ፣ «ስትሠዋ አይቻለሁ።» መካከሉን ምስጥ በልቶት አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ አለው። ለስንት ጊዜ እንደያዝኩት አላውቅም። ፕሮፌሰሩ ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት።

ይህ የኔ ቦታ ነው። ሌላ ሰው እዚያ መስኮት ሥር እንዲቀመጥ አልፈቅድም።

ከዚያ ትራም 14 ይዤ ዜባህ ሰፈር፣ አቶ ኃይለመለኮት ጋ። የሄድኩት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው። ጥንትም ታስረው በሕይወት የወጡት ሰዎች ቃላቸው ከጳጳስ ይከበር ነበር። እሳቸውም እንደዚያው ታስረው የወጡ ናቸው፤ አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ከተማ አፉን ይዘጋል።

ልጃቸው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ትሠራለች፤ ቀን ብቻቸውን ናቸው። ቤቱ ውስጥ አንድ የተዘጋ በር የለም፤ የቁም ሣጥኑ እንኳ ተከፍቷል። የመግቢያውን በር ልዘጋ ስል፣ «ተዪው፣ ልጄ፣ ገርበብ ይበል» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ከተማ ለምን እንደፈረመ ጠየቅሽው?»

«ምክንያትማ ሁሉም አለው።»

«አልጠየቅሽውም።»

«አልጠየቅሁም።»

«ልጁ ኅሩይ እኔ የነበርኩበት እስር ቤት ነው ያለው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። አክስቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች። ከተማ በየወሩ እዚያ ቢሮ ሄዶ መዝገቡ ላይ ስሙን ካላሰፈረ ስንቁ አይገባም። ስንቁ የገባ ቀን ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሌላ ማወቂያ የለውም።»

የወጥ ቤቱን ወሬ አስታወስኩ። አፌ ግን አላረፈም። «በዳኬዎስ ዘመንም ልጆች የነበሯቸው ሰዎች እምቢ ብለዋል» አልኩ። ጥሩ መልስ ነበር። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎን ይሁን አይደለም አልገባኝም።

የማኅበሩን ወረቀት አነበብኩላቸው። «ያን የጥንቱንም አንብቢልኝ እስቲ» አሉ። በቃሌ ስለማውቀው አልኩላቸው። «አሁን ሁለቱን አከታትለሽ።»

አከታተልኩ። ሽማግሌው ሳቁ። ዓይናቸው እስኪያለቅስ ሳቁ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልነገሩኝም።

ደብዳቤ አልጻፉልኝም። በሩ ድረስ ሸኝተውኝ፣ «ያንቺ ፓስፖርት መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ።

ትራሙ በየስንት ደቂቃ እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው።

ኅዳር 27

ሰው ሲታሰር ይበላሻል። አቶ ኃይለመለኮት አንድ ጊዜ ጀግና ነበሩ፤ አሁን ለሁሉም ያዝናሉ። ለሁሉም ማዘን ቀላል ነው።

ኅዳር 30

ሃያ ሁለት ቀን ቀረ። ፕሮፌሰሩ ሌላ አመልካች እንዳለ ጻፉ። ጀርመናዊ። የፓስፖርት ችግር የለበትም።

የመስኮቱን ጠረጴዛ አየሁት በሕልሜ፤ ሰውየው ብስኩት እየበላ ተቀምጦበታል።

ታኅሣሥ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቢሮው ጎራ አልኩ። ነገሩ በኋላ እንዳይጣመም በትክክል ልጻፈው።

አንደኛ፣ ፎርሙን ከፍ ባለ ድምፅ አላነበብኩትም። ሁለተኛ፣ የፈረምኩት ፊርማ አይደለም። ስሜን በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ የኔ ፊርማ በአማርኛ ነው፤ ሁሉም ያውቃል። ሦስተኛ፣ እጄን አላነሣሁም። ዝናቡ ከባድ ስለነበር ግራ እጄ ጃንጥላ ይዞ ነበር፤ ቀኜ ብዕር። ጓድ ቢረሳው ጃንጥላውን አይቶ «ይሁን» አለ። መፈክሩን እሱ አለው፤ እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

መዝገቡ ላይ ቁጥሬ 62 ነው። ፓስፖርቱን በፖስታ ይልኩልኛል።

ስመለስ ወይዘሮ የወይንሐረግ ሰገነቱ ላይ አንሶላ ያጥፉ ነበር። «በዚህ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ደረቀልኝ» አሉ። አንዱን ጫፍ ይዤ አገዝኳቸው። «ለምን እንዲህ ጨብጠሽ ያዝሽው?» አሉኝ።

ብርድ ነው።

ታኅሣሥ 4

እኔ ከሦስተኞቹ አይደለሁም። ሦስተኞቹ ወረቀቱን የፈለጉት ነፍሳቸውን ለማዳን ነው። እኔ የፈለግሁት የነሱን ታሪክ ለመጻፍ ነው። የማይመሳሰል ነገር ነው። እዚያ መስኮት ሥር ካልተቀመጥኩ አውሬልያን ማን ያነባታል? ያ ጀርመናዊ?

ታኅሣሥ 5

ደግሞም በጃንጥላ።

ታኅሣሥ 13

ፓስፖርቱ መጣ። ማኅተሙ ትንሽ ዘመም ብሏል። ሁለት ዓመት ተራዝሟል። ለፕሮፌሰሩ ቴሌግራም ላክሁ፤ በዚያው ቀን መለሱ። ቦታው የኔ ነው!

ደስታዬን ለማን ልንገር? ለወይዘሮ የወይንሐረግ፣ «ፓስፖርቴ ታደሰ» ስላቸው፣ «እንዴት አደሱልሽ?» አሉ። «ተማሪ ስለሆንኩ» አልኳቸው። «ተመርቀሽ የለ?» አሉና ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ታኅሣሥ 15፣ እሑድ

ማኅበር ሰርቬት፣ የኮንሲየርዡ ቤት። ከወጥ ቤቱ መስኮት የሰዉ እግር ብቻ ይታያል።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አስፋ፣ «ያረቀቀ ይጀምር» አለ። እርግጥ ነው፤ ያረቀቀ ይጀምራል።

ከተማ ከፊት ለፊቴ ቆሟል። አያየኝም፤ ብዕሩን ነው የሚያየው። ፈረምኩ። በአማርኛ፣ ጥርት አድርጌ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ፈረሙ፤ አስፋ ፈረመ፤ ወንድሙ ፈረመ። ሸዋረጋ፣ «ባሌን ከራሱ ቤት አስወጥቼ ምን ልጠጣ ነው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከተማ ጸሎቱን አደረሰ። ቤቱ ነው፣ ጸሎቱን ማን ይከልክለው? ጽዋው ሲዞር ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ። ለአራት ሰው ብዙ ነው። እኔ ላይ ሲደርስ አፌን አስነካሁት እንጂ አልጠጣሁም፤ ጭማቂው ኮምጥጦ ነበር።

የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው። ከተማ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ውጭ በር ሸኘኝ። በሁለት እጁ አቀበለኝና በቀስታ፣ «ስምሽ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ እንዴት ይረዝማል» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ትራሙ ውስጥ ጽዋውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እስከ ቶኔ ድረስ ሁለት እጄን አልለቀቅሁም።

ታኅሣሥ 16

በየወሩ ነው የሚፈርመው። መዝገቡ አንድ ነው። ከታኅሣሥ 3 በኋላ ሄዶ ከሆነ ስሜን አይቶታል። ከማኅበሩ በፊት አይቶታል። ብዕሩን ስይዝ ያውቅ ነበር።

ለምን ዝም አለ? ሊያስፈራራኝ ነው። አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ነው።

ታኅሣሥ 21

ምንም አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ወይዘሮ የወይንሐረግ ከዶሮው ጭልፋ ሙሉ አደረጉልኝ። ጽዋው ክፍሌ፣ ዲግሪው አጠገብ ነው። ጨርቁን አልፈታሁትም። ልብስ ስቀይር ፊቴን አዞራለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን አውጥቼ የሦስተኞቹን ምዕራፍ አነበብኩ። የጻፈችውን ልጅ አላውቃትም። ዐዋቂ ነች። ምንም ያልደረሰባት።

ጥር 5

አስፋ ደውሎ፣ «እንግዲህ ጸሎቱን እኔ አደርሳለሁ፤ መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ» አለ። ሻንጣዬን ጀመርኩ። ዙሪክ ከሄድኩ ይህን ሁሉ ሰው ድጋሚ ማየት የለብኝም።

ጥር 13፣ እሑድ

በማኅበሩ ሰዓት አስፋ፣ ወንድሙ፣ ወይዘሮ የወይንሐረግና እኔ ጠረጴዛውን ከበን ተቀምጠናል። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ኃይለመለኮት ናቸው፤ ከዙሪክ በጠዋት ባቡር። ከኋላቸው አቶ ከተማና ወይዘሮ ሸዋረጋ።

«ሽማግሌውን ላድርስ ብዬ ነው» አሉ አቶ ከተማ። «እኛ እንመለሳለን።»

«ይግቡ፣ አባባ» አልኳቸው አቶ ኃይለመለኮትን።

«ወረቀቱን አልፈረምኩም።»

«እርስዎ መፈረም አያስፈልግዎትም። እርስዎ እኮ ታስረው...»

«ሕጉ ላይ እንዲያ ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያስ» አሉና የደረጃው ጫፍ ላይ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ። ወይዘሮ ሸዋረጋ አጠገባቸው ተቀመጡ። አቶ ከተማ ቆመው ቀሩ። የላይኛው ፎቅ ፈረንሳዊት ስትወርድ «ቦንዡር» አሏትና ከጫማዋ የወደቀውን ቅጠል አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። የሰው ሕንፃ ነው፤ ግን ልማድ።

በሩን ልዘጋው አልቻልኩም። ገርበብ አድርጌ ተመለስኩ።

አስፋ መልክአ ሚካኤሉን ጀመረ። ሁለት ስንኝ ሄደና ሦስተኛው ላይ ጠፋበት። ገጽ ገለበጠ። ደግሞ ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋበት። ወንድሙ ሳል ሳለ። ያኔ ከደረጃው ላይ ያ የአቶ ከተማ ድምፅ ከተቋረጠበት አነሣው። ቀስ ብሎ፣ የፎቁን ሰው እንዳይረብሽ። እስከ መጨረሻው አደረሱት። ውስጥ ያለነው ለውጭው አሜን አልን።

ጨርቁን ፈታሁ። ጽዋውን ሞላሁና አንሥቼ ይዤው ወጣሁ።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለ አስፋ። «ሕጉስ?»

አቶ ከተማ ፊት ቆምኩ። ንግግር አላዘጋጀሁም ነበር። «ቁጥር ስድሳ ሁለት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ስድሳ ሦስት እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«ልጅ አለኝ» አሉ። «የሌላውን ልጅ በሰው ፊት አላዋርድም።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ወደ ግድግዳው አዩ። ያኔ አቶ ኃይለመለኮት ከተቀመጡበት፣ «እኔ ቁጥሬን ረስቼዋለሁ» አሉ። «በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን ነው የፈረምኩት። ሁለተኛው ቀን ላይ ትንሽ አስቸግሬአቸው ነበር። ስጪኝ እስቲ፣ ልጄ፤ ብርድ ነው።»

ጠጡ። ለአቶ ከተማ አቀበሉ። አቶ ከተማ ለሚስታቸው። ወይዘሮ ሸዋረጋ ጽዋውን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ አፌ ድረስ አምጥተው ራሳቸው አጠጡኝ። አልኮመጠጠም።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ከውስጥ፣ «እኛስ? ልንረሳ ነው?» አሉ። ወንበራቸውን እየጎተቱ ወጡ። አስፋና ወንድሙም ተከተሉ። ሰባታችንም አንድ ደረጃ ላይ። ወረቀቱ ብቻውን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ በኋላ ሳየው አንዱ ትኩስ ድስት አስቀምጦበታል፤ የስሜ ግማሽ የለም።

ሲሄዱ አቶ ከተማ፣ «በዚህ ወርም ስንቁን ተቀብለዋል» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው።

የዙሪክ ባቡር የፊታችን ሐሙስ ሳምንት ነው። አልቀርም፤ እሄዳለሁ። አውሬልያን አነባታለሁ። ስለ ሦስተኞቹ የጻፍኩትን ምዕራፍ ግን እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ኅዳጉ ላይ የጻፉት እውነት ነበር። ከዚያ በፊት ግን እዚህ ደብተር ውስጥ ያለውን ላርም።

ታኅሣሥ 3 ስለ ጃንጥላው የጻፍኩት ውሸት ነው። ያን ቀን አልዘነበም።